ቃል ማምረትና ቃል መስጠት፦ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሕዝብ ግንኙነት ሥራን ወዴት እየወሰደው ነው?

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 በአሜሪካው ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ አንድ ታጣቂ ተኩስ ከፍቶ ሦስት ተማሪዎችን ገደለ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ በሌላ ግዛት በሚገኘው የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ፒቦዲ ኮሌጅ ውስጥ ያለ አንድ ጽሕፈት ቤት ለተማሪዎቹ የማጽናኛ ኢሜይል ላከ። መልእክቱ ስለ መተሳሰብና ሁሉንም ስለሚያቅፍ ማኅበረሰብ የሚያወሳ፣ ሰዋስዉ የተስተካከለ፣ ቃናው የለዘበ ነበር። ግርጌው ላይ ግን በቅንፍ የተቀመጠች አንዲት መስመር አለች፤ ጽሑፉ ከቻትጂፒቲ መወሰዱን ትናገራለች። ተማሪዎች ተቆጡ። ጽሕፈት ቤቱ በማግስቱ ይቅርታ ጠየቀ።

ይህን ታሪክ ብዙዎች የሚያነሱት ማሽን ሐዘን ሊገልጽ እንደማይችል ለማሳየት ነው። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነገር ነው። ያቺ መስመር ባትኖር ኖሮ ማንም ላይጠረጥር ይችል ነበር። ደብዳቤው ተቋማት በሐዘን ጊዜ ከሚልኳቸው ስፍር ቁጥር የሌላቸው ደብዳቤዎች የሚለይበት ነገር አልነበረውምና። ማሽኑ የሕዝብ ግንኙነት ቢሮን አስመስሎ መጻፍ የቻለው ጎበዝ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ እኛ የሙያው ሰዎች ለአሥርት ዓመታት ማሽን በሚመስል ቋንቋ ስንጽፍ ስለኖርን ጭምር ነው። «ተቋማችን ለደንበኞቹ እርካታ በላቀ ቁርጠኝነት እየሠራ ይገኛል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከሰው እጅ ይውጣ ከኮምፒውተር መለየት የሚችል ካለ እሰየው። ማሽኑ እንደ ተማሪ ከመምህሩ፣ ከእኛ፣ የወረሰውን ነው መልሶ የሚያነበንበው።

ስለዚህ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሕዝብ ግንኙነት ሥራን ያጠፋዋል ወይ ብሎ ከመጠየቅ በፊት የትኛውን ሥራ ማለታችን እንደሆነ መለየት ይገባል። እዚህ ላይ የራሳችን ቋንቋ ያግዘናል። በአማርኛ የሚነገረውም ቃል ነው፣ የሚገባውም ቃል ነው። ቃል አቀባይ ሁለቱንም ይዞ ነው አደባባይ የሚወጣው፤ የሚናገረው ዓረፍተ ነገር አለ፣ በዚያ ዓረፍተ ነገር የሚታሰር ተቋም ደግሞ አለ። «ቃል የእምነት ዕዳ ነው» የተባለው ለሁለተኛው ነው። ማሽኑ የመጀመሪያውን ቃል እንደ ወራጅ ውኃ ያወርደዋል፤ ዕዳ ግን አይገባም። በሙያው ላይ የመጣው ለውጥ፣ መልካሙም አስጊውም፣ ከዚህ ልዩነት ይመነጫል ብዬ አምናለሁ።

መግለጫ ሲወለድ

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ጋዜጣዊ መግለጫ እንዴት እንደተወለደ ማስታወስ ይበጃል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 28 ቀን 1906 በአሜሪካ አትላንቲክ ሲቲ አቅራቢያ የፔንሲልቬኒያ ባቡር ኩባንያ ባቡር ከድልድይ ላይ ወደ ውኃ ወድቆ ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስ የኩባንያዎች ልማድ በር መዝጋትና ጋዜጠኛን ማራቅ ነበር። የኩባንያው አማካሪ የነበረው የቀድሞ ጋዜጠኛ አይቪ ሊ ግን ተቃራኒውን አደረገ። የሆነውን በጽሑፍ አዘጋጅቶ ለጋዜጦች ሰጠ፤ ዘጋቢዎች ወደ ስፍራው የሚደርሱበትንም መንገድ አመቻቸ። ኒው ዮርክ ታይምስ ጽሑፉን እንዳለ አተመው። በሙያው ታሪክ የመጀመሪያው ጋዜጣዊ መግለጫ እየተባለ የሚጠቀሰው ይኸው ነው። በዚያው ዓመት ሊ ለጋዜጣ አዘጋጆች በላከው የመርሕ መግለጫ ሥራው በግልጽ የሚከናወን መሆኑን፣ የቀረበለትን መረጃ ማጣራት ለሚፈልግ አዘጋጅም እንደሚተባበር አስታወቀ። ራሱ ሊ መርሑን ሁልጊዜ አልጠበቀም፤ እ.ኤ.አ. በ1914 በኮሎራዶ የከሰል ማዕድን አድማ ጊዜ ለሮክፌለር ቤተሰብ ሲሠራ የተዛባ መረጃ አሰራጭቷል ተብሎ ክፉኛ ተወቅሷል። ሙያው ከልጅነቱ ጀምሮ ሁለት ፊት አለው።

በዚያ ወረቀት ላይ ውድ የነበረው የአጻጻፉ ውበት አልነበረም። ውድ ያደረገው ከተዘጋ በር በስተ ጀርባ የወጣና ሊጣራ የሚችል መረጃ መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲህ ባለው ከመቶ ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ ግን ሚዛኑ ተገለበጠ። መግለጫ ማውጣት ራሱ ግብ ሆነ። ቢሮዎች በወር ስንት መግለጫ እንዳወጡ፣ ስንት ጊዜ በመገናኛ ብዙኃን እንደተጠቀሱ ቆጥረው ሪፖርት ማቅረብ ለመዱ። የሚቆጠር ነገር ደግሞ ይበዛል። አሁን በእጃችን የገባው መሣሪያ ከምንም በላይ የሚችለው ማብዛትን መሆኑ ዕድልም ነው፣ ፌዝም ነው።

ረቂቅ ማለት ስልክ መደወል ነው

ማሽኑ የሚወስደው ሥራ በውል ይታወቃል። የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ማጠቃለል፣ አንዱን መግለጫ ለድረ ገጽና ለማኅበራዊ ሚዲያ በሚመች መጠን ማሳጠር፣ የትርጉም ረቂቅ ማውጣት፣ ለንግግር የሚሆን አጽመ ሐሳብ ማዘጋጀት፤ እነዚህ ቀኑን ሙሉ ይፈጁ የነበሩ ሥራዎች አሁን ቡና ተጠጥቶ ሳያልቅ ይጠናቀቃሉ። የሚዲያ ዳሰሳን እንኳ ብንወስድ፣ ጋዜጣ እየቆረጡ በአቃፊ መለጠፍ የሚያስታውሱት ሰዎች ገና ጡረታ አልወጡም። ዛሬ በሺህ የሚቆጠሩ ዘገባዎችንና አስተያየቶችን በደቂቃዎች ውስጥ አንብቦ ሰዎች የተማረሩበትን ጉዳይ የሚለይ ሥርዓት አለ። አሽሙርን ምስጋና አድርጎ የሚመዘግብበት ጊዜ ቢኖርም፣ ይህ ለሙያው ጸጋ ነው። ማዳመጥ የዚህ ሥራ ግማሽ አካል ሆኖ ሳለ፣ ጊዜ የለም እየተባለ ሲዘለል ኖሯል።

ረቂቅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከውጭ ሲታይ መግለጫ መጻፍ ዓረፍተ ነገር መደርደር ይመስላል። በሥራው ያለፈ ሰው እንደሚያውቀው ግን አብዛኛውን ጊዜ ስልክ መደወል ነው። ከኃላፊ «ፕሮጀክቱ 80 በመቶ ተጠናቋል» የሚል ማስታወሻ ይመጣል እንበል። ጸሐፊው ያንን ሊጽፍ ሲል እጁ ይያዛል። 80 በመቶ ከምኑ? ከበጀቱ ነው ወይስ ከግንባታው? ባለፈው ሩብ ዓመት 85 ብለን አልነበረም? ወደ ምሕንድስና ክፍል ይደውላል፣ ወደ ፋይናንስ ይደውላል፣ ሁለቱ የተለያየ ቁጥር ይነግሩታል። ተቋሙ ራሱ በቅጡ የማያውቀውን ነገር ሊያውጅ እንደነበር የሚታወቀው በዚያች ሰዓት ነው። መጻፍ ምርመራ የሚሆነው እንዲህ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ አልሄድ ሲል ችግሩ ያለው ብዙ ጊዜ ቋንቋው ላይ ሳይሆን ነገሩ ላይ ነው።

የማሽኑ እጅ አይያዝም። የቋንቋ ሞዴል የሚሠራው ከተማረው እጅግ ብዙ ጽሑፍ ተነስቶ ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል እየገመተ ነው። ክፍተት ሲያጋጥመው፣ ጠይቅ ተብሎ ካልታዘዘ በቀር፣ አብዛኛውን ጊዜ ይሞላዋል። የሚሞላውም ለቦታው በሚመጥን ነገር ነው፤ ቁጥር በሚጠበቅበት ቁጥር፣ ጥቅስ በሚጠበቅበት ጥቅስ ያስቀምጣል። እ.ኤ.አ. በ2025 ዴሎይት የተባለው ግዙፍ የአማካሪ ድርጅት ለአውስትራሊያ መንግሥት በ440 ሺህ የአውስትራሊያ ዶላር ገደማ ያዘጋጀው ሪፖርት የሌሉ ጥናቶችን የሚጠቅስ፣ ከፍርድ ቤት ውሳኔ ተወሰደ የተባለ የፈጠራ ጥቅስ የያዘ ሆኖ ተገኝቷል። ድርጅቱ ስሕተቶቹን አርሞ ከክፍያው ከፊሉን መለሰ። ችግሩ እንዲህ ያለ ስሕተት በአጻጻፉ የማይቆረቁር መሆኑ ነው። የሰው ስሕተት ብዙ ጊዜ በአጻጻፉ መንተባተብ ይታወቃል። የማሽን ስሕተት አይንተባተብም።

እዚህ ላይ የሙያውን ገመና መሸፈን አይገባም። «ዋና ሥራ አስፈጻሚው እንደተናገሩት» ተብለው በመግለጫ የሚወጡ ጥቅሶች ብዙዎቹ ሥራ አስፈጻሚው ተናግረዋቸው አያውቁም፤ የጻፋቸው የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያው ነው። ታዲያ ባለሙያው ከሚፈጥረውና ማሽኑ ከሚፈጥረው ጥቅስ ልዩነቱ ምንድን ነው? ልዩነቱ አለቃው አንብበው «ይሁን፣ ይህ የእኔ ቃል ነው» ማለታቸው ላይ ነው። ያቺ እሺታ በሌለችበት ሁለቱም ፈጠራ ናቸው።

እሺታው የማን እንደሆነ ደግሞ ዳኛ ፊት ቀርቦ ተወስኗል። አንድ የኤር ካናዳ ደንበኛ አያቱ ሞተውበት ለለቀስተኞች የሚሰጠውን የትኬት ቅናሽ በተመለከተ የአየር መንገዱን ቻትቦት ጠየቀ። ቻትቦቱ ትኬቱን ገዝቶ ከተጓዘ በኋላ ማመልከት እንደሚችል ነገረው። የአየር መንገዱ ደንብ ግን ይህን አይፈቅድም ነበር። ክርክሩ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ግዛት አነስተኛ የፍትሐ ብሔር ጉዳዮችን ወደሚያየው ችሎት ሲደርስ፣ አየር መንገዱ ቻትቦቱን ለገዛ ድርጊቱ ራሱ እንደሚጠየቅ የተለየ ሕጋዊ አካል አድርጎ አቀረበው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ችሎቱ ይህን ሳይቀበል ቀረ፤ ድረ ገጹ ላይ ያለው ሁሉ የድርጅቱ ቃል ነው ብሎ ወጪና ወለድን ጨምሮ 812 የካናዳ ዶላር ገደማ እንዲከፍል ወሰነ። ገንዘቡ ለአንድ አየር መንገድ ኢምንት ነው። ከእንግዲህ ግን «ማሽኑ ነው ያለው» ብሎ ማምለጥ ለሚያስብ ተቋም መንገዱ እንደማያዋጣ የሚያሳይ ነው። ማሽኑ የተናገረውን ዕዳ ባለቤቱ ይከፍለዋል።

የምሥጢር ጉዳይ በአጭሩ ሊታለፍ የሚችል ቢሆንም መጠቀስ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2023 የሳምሰንግ ሠራተኞች የኩባንያውን የኮምፒውተር ኮድ ወደ ቻትጂፒቲ ማስገባታቸው ከታወቀ በኋላ ኩባንያው የዚህ ዓይነት መሣሪያዎችን አጠቃቀም አግዷል። የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ከሁሉ ቀድሞ የሚያውቃቸው ነገሮች አሉ፤ ይፋ ያልሆነ የፋይናንስ ውጤት፣ ሊነሳ የታሰበ ኃላፊ፣ የአደጋ ሰለባዎች ስም። እነዚህን «አሳምረህ ጻፍልኝ» ብሎ ለማያውቀው አገልጋይ መስጠት ጽሑፍ ማሳመር ሳይሆን ምሥጢር ማውጣት ነው።

መግለጫውን የሚያነበው ማን ነው?

በሌላ በኩል አንባቢውም እየተለወጠ ነው። ስለ አንድ ተቋም ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ድረ ገጽ ከፍቶ ከማንበብ ይልቅ ቻትቦትን ይጠይቃል፤ መልሱን በሦስት አንቀጽ ያገኛል፣ ምንጩን ሳይከፍት ይሄዳል። እናም መግለጫው መጀመሪያ የሚነበበው በማሽን ነው፤ ሰው የሚደርሰው የማሽኑ ማጠቃለያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው ይፋ ያደረጉት ጥናት፣ ምንጭ የጠቀሰ፣ ጥቅስና አኃዝ የያዘ ጽሑፍ በእነዚህ መልሶች ውስጥ ጎላ ብሎ እንደሚታይ፣ በፍለጋ ቃላት የታጨቀ ጽሑፍ ግን ብዙም እንደማይጠቀም አሳይቷል። ወዲያው አዲስ የገበያ ዘርፍ ተወለደ፤ «በቻትቦት መልስ ውስጥ ስማችሁን እናስገባለን» የሚሉ አማካሪዎች በዙ። ግኝቱ በጎ ጎን አለው፤ ባዶ ውዳሴን ትቶ መረጃ ማቅረብ ያዋጣል ማለት ነው። ነገር ግን አኃዝ ስላዋጣ ብቻ አኃዝ የሚፈለፈልበት ጊዜ እንዳይመጣ ያሰጋኛል።

የጋዜጠኞች የኢሜይል ሳጥን ሌላው የጦር ሜዳ ነው። ድሮ «ባለፈው ስለ ውኃ እጥረት የጻፉትን አንብቤ ነው የምጽፍልዎ» የሚል ደብዳቤ የደረሰው ጋዜጠኛ ላኪው በእርግጥ እንዳነበበ ያምን ነበር፤ ለማንበብ ጊዜ ወስዷልና። ዛሬ ያችው መስመር ለሺህ ጋዜጠኛ፣ በሺህ የተለያየ አጻጻፍ፣ በአንድ ጠዋት ትላካለች። ገንዘብ ያለ ልክ ሲታተም ዋጋው እንደሚወርድ፣ አክብሮትም ያለ ልክ ሲታተም ይረክሳል። በተግባር የሚሆነው ጋዜጠኛው የማያውቀውን ላኪ ሁሉ ሳያነብ ማለፍ ነው። ያኔ ዋጋ የሚያገኘው ስልኩ ሲጮህ ጋዜጠኛው የሚያነሳለት፣ አንድ ቀን እንኳ አሳስቶት የማያውቅ ባለሙያ ነው። ቴክኖሎጂው አርጅቷል የተባለውን ትውውቅ መልሶ አስወደደው።

ሕዝቡ ራሱ ሐሰት ሲሆን

እስካሁን የተነገረው ስለ «ግንኙነት» ነው። «ሕዝብ» የሚለውስ? እ.ኤ.አ. በ2017 የአሜሪካ ፌዴራል የመገናኛ ኮሚሽን የኢንተርኔት ገለልተኝነት ደንብን፣ ማለትም አቅራቢ ኩባንያዎች ሁሉንም ድረ ገጽ በእኩል እንዲያስተናግዱ የሚያስገድደውን ደንብ፣ ስለ መሻር የሕዝብ አስተያየት ጠይቆ ከ22 ሚሊዮን በላይ አስተያየቶች ደረሱት። የኒው ዮርክ ግዛት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ በ2021 ባወጣው የምርመራ ውጤት 18 ሚሊዮን ያህሉ ሐሰተኛ ነበሩ። 8.5 ሚሊዮኑ የመጡት የኢንተርኔት አቅራቢ ኩባንያዎች ገንዘብ ካፈሰሱበት ዘመቻ ነው፤ በተቃራኒው ወገን ደግሞ አንድ የ19 ዓመት የኮሌጅ ተማሪ ብቻውን፣ በሶፍትዌር በተፈጠሩ ስሞች፣ ከ7.7 ሚሊዮን በላይ አስተያየት ልኳል። ልብ በሉ፤ ይህ የሆነው ቻትጂፒቲ ለሕዝብ ከመቅረቡ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። በዚያን ጊዜ ማጭበርበሩን ካጋለጡት ነገሮች አንዱ የብዙዎቹ ጽሑፍ መመሳሰሉ ነበር። ዛሬ እያንዳንዱ አስተያየት የራሱ ቃና፣ የራሱ ብሶት፣ ከፈለገም የራሱ የፊደል ግድፈት ሊኖረው ይችላል። ሕዝብን አዳምጦ ለተቋሙ ማስረዳት ሥራው የሆነ ባለሙያ ከእንግዲህ የሚያዳምጠው ድምፅ ሰው መሆኑንም ማጣራት ይኖርበታል።

እ.ኤ.አ. ግንቦት 22 ቀን 2023 በፔንታጎን አቅራቢያ ፍንዳታ እንደደረሰ የሚያሳይ የፈጠራ ምስል በትዊተር ተሰራጨ። ካሰራጩት መካከል በክፍያ የሚገኘውን ሰማያዊ ምልክት የያዙ ገጾች ነበሩበት። የአክሲዮን ገበያው ለደቂቃዎች ወረድ አለ። ነገሩን ካበረዱት አንዱ የአካባቢው የእሳት አደጋ መከላከያ መሥሪያ ቤት «ፍንዳታ የለም» ብሎ በራሱ ገጽ ያወጣው አጭር ቃል ነበር። በዚያ ቃል ውስጥ ምንም የአጻጻፍ ጥበብ የለም። የሠራው ሰዎች ገጹን አስቀድመው ስለሚያውቁትና በደቂቃዎች ውስጥ ስለደረሰ ነው። አመኔታ በችግር ቀን የሚገዛ ዕቃ አይደለም፤ ምንም በማይከሰትባቸው አሰልቺ ቀናት የሚጠራቀም ነው። ለቀውስ ጊዜ ሠላሳ ገጽ ዕቅድ ያላቸው፣ ነገር ግን እሑድ ማታ የተቋሙን ገጽ የይለፍ ቃል የሚያውቅ ሰው የሌላቸው ቢሮዎች ቢያስቡበት ይበጃል።

የዚህ ተቃራኒ የሆነው ፈተና ግን ይበልጥ የከፋ ይመስለኛል። ሐሰተኛ ቪዲዮ መሥራት ቀላል መሆኑ በታወቀ ቁጥር፣ እውነተኛውን ቪዲዮ መካድም ይቀልላል። አንድ ኃላፊ የማይገባውን ሲናገር ተቀርጾ ይወጣል። ሌሊት ለሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ይደወላል፤ «በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተቀነባበረ ነው የሚል መግለጫ አውጣ» ይባላል። መግለጫውን ማሽኑ በአሥር ሰከንድ ያዘጋጅለታል። ምናልባትም ለጥቂት ቀናት ይታመናል። «አላወጣም» ማለት የሚችለው ግን ሰው ብቻ ነው፤ እሱም እንጀራውን ለአደጋ አጋልጦ። ይህን የመሰለ እምቢታ በየትኛውም የሥራ መደብ መዘርዝር ላይ አልተጻፈም፤ ሙያው ሙያ ተብሎ እንዲጠራ የሚያደርገው ግን እሱ ነው።

ሕግ አውጪዎችም ፊርማው ላይ አተኩረዋል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 2024 ወደ ሥራ የገባው፣ ድንጋጌዎቹም በየደረጃው ተፈጻሚ የሚሆኑት የአውሮፓ ኅብረት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሕግ፣ የሕዝብ ጥቅም ባለበት ጉዳይ ሕዝብን ለማሳወቅ የሚታተም በማሽን የተዘጋጀ ጽሑፍ በማሽን መዘጋጀቱ እንዲገለጽ ያዛል። ሰው ከመረመረውና ለኅትመቱ ኃላፊነት የሚወስድ አካል ካለ ግን ግዴታው ይነሳል። ከማን ጻፈው ይልቅ ማን ይጠየቅበታል የሚለው በልጧል ማለት ነው። አቅጣጫው ትክክል ይመስለኛል፤ ቀዳዳም አለው። በቀን አርባ መግለጫ ላይ «አይቻለሁ» ብሎ የሚፈርም ሰው አላየም። ያ የፒቦዲ ኮሌጅ ጽሕፈት ቤትስ ምን ተማረ? የተቀጣው ማሽን ስለተጠቀመ ብቻ ሳይሆን እውነቱን ግርጌ ላይ ስለጻፈ ጭምር ነው። ሌሎች ቢሮዎች ከዚያ ታሪክ ማሽኑን መተውን ሳይሆን መስመሯን ማጥፋትን ተምረው እንዳይሆን እጠረጥራለሁ።

ጀማሪው የት ይማር?

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ጀማሪው ባለሙያ ነው። ቆጣቢ ኃላፊ ሲያሰላ ሦስት ጀማሪ ከመቅጠር አንድ ነባር ባለሙያና የሶፍትዌር ክፍያ ይሻላል ይላል። ለዘንድሮ ስሌቱ ልክ ነው። ነገር ግን ያ ነባር ባለሙያ ነባር የሆነው እንዴት ነው? ረቂቁ በቀይ እስክሪብቶ እየተሰረዘ፣ የተሳሳተ ቁጥር አውጥቶ እየተወቀሰ፣ ከጋዜጠኛ ጋር ተጋጭቶ እየታረቀ ነው። የማሽኑን ለስላሳ ስሕተት ለመያዝ የሚያስፈልገው ዓይን የተሠራው ማሽኑ በወሰደው ሥራ ላይ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ ማሽኑን ማን ያርመዋል ለሚለው ጥያቄ የሚሆን ሳጥን በበጀት ሠንጠረዡ ውስጥ የለም።

እኔ ብሆን የተለመደውን ቅደም ተከተል እገለብጠዋለሁ። ብዙ ቦታ አሁን ማሽኑ ይጽፋል፣ ጀማሪው ያርማል። ይልቅ ጀማሪው ራሱ ይጻፍ፤ ቀርፋፋና የተንዛዛ ቢሆንም ይጻፍ። ከዚያ ረቂቁን ካለፉት መግለጫዎች ጋር ለማሽኑ ይስጠውና «አንተ ይህን ተቋም የማታምን ጋዜጠኛ ነህ፤ አሥር የሚያስጨንቁ ጥያቄዎች አውጣ» ይበለው። ለዚህ ሥራ መሣሪያው አይደክምም፣ አለቃም አይፈራም። ከአሥሩ ሦስቱ የማይረቡ ይሆናሉ። አምስቱን ጀማሪው አስቀድሞ መልሷቸዋል። ሁለቱ ግን ከወንበሩ ያስነሱታል፤ «80 በመቶ ተጠናቋል የምትሉት ባለፈው ሩብ ዓመት ካላችሁት 85 ጋር እንዴት ይታረቃል?» የሚለው አንዱ ነው። መልሱ ማሽኑ ውስጥ የለም። ያለው ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ምሕንድስና ክፍል ውስጥ፣ ስልክ ማንሳት በማይወድ አንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ነው። ጀማሪው ማስታወሻ ደብተሩን ይዞ ደረጃውን መውጣት አለበት።